ምስጋናው ከጎኑ ሲታይ

ዝናሽ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሯን ከፍታ መጀመሪያ የምትሠራው የሰው ጆሮ ማስተካከል ነው። በዋዜማው አመሻሽ ላይ የተነሱ ጉርድ ፎቶግራፎች ተደርድረው ይጠብቋታል፤ ለፓስፖርት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለተማሪ መታወቂያ የሚሆኑ ናቸው። ሁለቱም ጆሮዎች መታየት አለባቸው፤ አንዱ ከተደበቀ ፎቶው ከመሥሪያ ቤቱ ይመለሳል። ሰው ግን ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ሳያውቀው አንገቱን ወደ አንድ ወገን ይጥላል። ዝናሽ እያንዳንዱን ጭንቅላት ቀና ታደርጋለች፣ የወረደውን ትከሻ ታነሳለች፣ ግንባር ላይ ያረፈውን የመብራት ብልጭታ ታጠፋለች። ጆሮው በፀጉር የተሸፈነ ካለም የሌላኛውን ጆሮ ገልብጣ ትተክልለታለች። ይህን ለማንም አትናገርም። ጆሮው የራሱ አለመሆኑን አውቆ የተመለሰ ሰው እስካሁን የለም።

ፎቶ ቤቱ አራዳ ውስጥ፣ በጫማ መሸጫና በመድኃኒት ቤት መካከል የተወሸቀ ጠባብ ክፍል ነው። ዝናሽ እዚህ የገባችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሁን አርባ አንድ ሞልቷታል። ሥራውን ያስተማሯት የቤቱ የመጀመሪያ ባለቤት አቶ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ያኔ ሥራው በፊልም ስለነበር፣ በቀጭኑ የተቀረጸ እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ እየነካኩ የፊት ጠባሳና የዓይን ሥር ጥቁረት እንዴት እንደሚጠፋ አሳዩዋት። «መጀመሪያ እዪ። እጅሽን ኪስሽ ከትተሽ እዪ» ይሏት ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ለአማቻቸው ለሰውአገኝ ተላለፈ። እርሳሱ ቀርቶ ማውዝ መጣ። ዝናሽ ግን እዚያው ጥግ፣ እዚያው ወንበር ላይ ቀረች።

የሰው ስም ይጠፋታል፤ ፊት አይጠፋትም። ከዓመታት በፊት መታወቂያ ያሠራ ሰው በገበያ መካከል ሲያልፍ ካየች፣ የግራ ዓይኑ ከቀኙ ዝቅ እንደሚል፣ አገጩ ላይ ያለው ጠባሳ አስቸግሯት እንደነበር ታስታውሳለች። ችግሩ፣ ይህን እስክታስታውስ ድረስ ሰውየው ላይ ማፍጠጧ ነው። ከእናቷ ጋር በምትኖርበት ሰፈር፣ ቁስቋም፣ እሷ ስትመጣ እናቶች ያቀፉትን ሕፃን ፊቱን ወደ ደረታቸው ያዞራሉ። ክፉ ቃል የሚናገራት የለም። ሰላምታው እንደወትሮው ነው፤ ደኅና አደርሽ፣ እማማስ፣ ሥራስ ይባላል። የሕፃኑ ፊት ብቻ ይዞራል።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ላይ አታፍጥጪ» ይሏታል እናቷ። «ባልሽም የሸሸሽ በዚሁ ነው።»

ባሏ የሄደው ጠዳ ላይ ሌላ ሴት ስለነበረችው ነው። ይህን እናቷም ያውቁታል።

ከሁሉ የሚያበሳጫት ግን ደንበኛው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ፎቶውን ተቀብሎ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ያለ ሰው ብትቆጥር አሥር አይሞላም። ሴቷ «ምነው አጠቆርሽኝ» ትላለች። ወንዱ «አፍንጫዬ እንዲህ ነው እንዴ» ብሎ ወደ ጓደኛው ይዞራል፤ ጓደኛው «ኧረ አሳንሳልሃለች» ይለዋል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ አንድ ፎቶ አምስት ጊዜ አሳርማ በመጨረሻ የወሰደችው የመጀመሪያውን ነበር። ዝናሽ ምክንያቱን ታውቀዋለች። ሰው የራሱን ፊት የሚያውቀው ከመስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ ያሳየዋል። ካሜራው ሌላው ሰው በሚያየው መንገድ ሲያቀርብለት የገዛ ፊቱ የተጣመመ ይመስለዋል። አንዳንዴ በጣም ሲያደክሟት ሌላ ምንም ሳትነካ የፎቶውን ግራና ቀኝ ብቻ ገልብጣ ታትምላቸዋለች። «አሁን ገና እኔን መሰለ» ብለው ይወስዳሉ። እሷ በዚህ እፎይ አትልም፤ ትበግናለች እንጂ። በትክክል የሠራችው ተመልሶ፣ የገለበጠችው ተመስግኖ ይሄዳል።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ ገጠር ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላቸውን እንደያዙ የገቡ ሰው ናቸው፤ አስማረ ይባላሉ። ሌላዋ ጥቁር ለብሳ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ከሠላሳ ብዙ የማታልፍ ሴት ናት። ሴትዮዋ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ሰውየው ባንኮኒው ላይ አንድ መታወቂያ አስቀመጡ።

«ሟቹ ወንድሜ ነው፤ ምስጋናው» አሉ። «ይችም ባለቤቱ ናት፤ የትነበርሽ። የፊታችን እሑድ አርባው ነው። ድንኳኑ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ አውጪልን። ኮትም አልብሺው።»

መታወቂያው ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ፎቶው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ የማኅተሙ ቀለም አገጩን ሸፍኖታል። ምስጋናው ዓይኑን በልጥጦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ሰው ፊት ለፊት ያያል። ዝናሽ እንዲህ ያለ ፊት በሺህ የሚቆጠር አይታለች። የገጠር ሰው ለመታወቂያ ሲነሳ የሚያሳየው ይህንኑ ፊት ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ማንም አያየውም።

«ሌላ ፎቶ የላችሁም?» አለች።

«የለም» አሉ አስማረ።

የትነበርሽ ያን ጊዜ ከበሩ ቀረብ አለች። «እሜቴ፣ ከአርባው በኋላ ቤት ነው የሚሰቀለው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትንሿ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው። ስታድግ አባትሽ ይሄ ነው የምላት እሱን እያሳየሁ ነው። አደራሽን፣ እሳቸውን ይምሰል።»

ዝናሽ የማክሰኞን ከሰዓትና ረቡዕን ሙሉ እሱን ሠራች። ማኅተሙን ነቅላ አገጩን ከጉንጩ ቀለም እየቀዳች ሞላችው። ፎቶው ሲተልቅ የደበዘዘውን ቅንድብ አንድ በአንድ አወጣችው። ዓይኖቹን አልነካቻቸውም፤ ጥሩ ዓይኖች ነበሩ። ከምታስቀምጣቸው ኮቶች መካከል ለትከሻው የሚሆነውን መርጣ አለበሰችው፤ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ኮሌታውን አጠበበችለት። ፊቱን እንደ ከተማ ደንበኛ አላነጣችውም። በመጨረሻ እጇን ኪሷ ከታ ብዙ አየችው። ሥራው ንጹሕ ነበር።

ሐሙስ ተመልሰው መጡ። አስማረ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙትና ፊታቸው በራ።

«ሸጋ ነው። ሸጋ አድርገሽዋል» አሉ። «ፀሐፊ መስሏል እኮ። ሲኖር እንዲህ ያለ ኮት ቢያገኝ በሬዎቹም አይታዘዙለት ነበር።»

የትነበርሽ ከትከሻቸው ኋላ ሆና አየች። ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

«ምነው፣ አልወደድሽውም?» አለቻት ዝናሽ።

«ኧረ ሸጋ ነው።»

«እና?»

«ግን እሳቸውን አይመስልም።»

ዝናሽ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች አሏት። ፊቱን ከፋፍላ ጠየቀቻት። «ዓይናቸው ነው ያልመሰለው?»

«እንጃ።»

«ትልቅ ነበር ወይስ ከዚህ ያንሳል?»

«አላውቅም፣ እሜቴ።»

«አፍንጫቸውስ? ወርዱ ነው? ከንፈራቸውስ?»

የትነበርሽ የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች መሬት መሬት አየች።

«ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?» አለች ዝናሽ። ድምፅዋ ከፍ ማለቱን ራሷም ሰማችው።

«አሥራ አራት።»

«አሥራ አራት ዓመት ኖረሽ የባልሽን ዓይን አታውቂም? ሳታውቂውስ አይመስልም እንዴት ትያለሽ?»

አስማረ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ወደ መንገዱ ዞሩ። የትነበርሽ ግን አልተቆጣችም። የሚገርም ነገር እንደተጠየቀች ሁሉ ትንሽ አሰበች።

«ፊት ለፊት መች አይቻቸው» አለች። «ሲገቡ እነሳለሁ። እግራቸውን ሳጥብ ጎንበስ ብዬ ነው። ሲበሉ በጎን ቆሜ መብራት እይዛለሁ። ሲናገሩኝ መሬት እያየሁ እሰማለሁ። ባሏን ዓይን ዓይኑን የምታይ ሴት እኛ አገር ምን እንደምትባል አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ እሳቸውን በምን ታውቂያቸዋለሽ?»

«ኧረ አውቃቸዋለሁ። ከወንዙ ማዶ፣ ሰው ሁሉ ጉንዳን በሚያክልበት፣ ከገበያ ሲመለሱ አሥር ሆነው ቢመጡም የኔው የትኛው እንደሆነ ለይቼ ውኃ አሞቃለሁ።»

«እኮ በምን?»

የትነበርሽ የአስማረን ዱላ ከእጃቸው ተቀበለች። ዱላውን አግድም ትከሻዋ ላይ ጫነችና ሁለቱን እጆቿን ከላይ አንጠልጥላ ከባንኮኒው ወደ ጎን ዞረች። ቀኝ ትከሻዋ ዝቅ አለ። አንገቷ ከዱላው በላይ ወደ ፊት ወጣ፣ አገጯ ትንሽ ቀና አለ፣ አንድ ጉልበቷ ላላ። ሩቅ ያለ ነገር እንደምታይ ሁሉ ዓይኗን ጠበብ አደረገችው። ዝናሽ ምስጋናውን በሕይወቱ አይታው አታውቅም። ነገር ግን እፊቷ የቆመው ሰው ወንድ እንደሆነ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ እንደሚጠጋ፣ ቀኑን ሙሉ እንደደከመና ምንም እንዳልከፋው አየች።

«በይ አስቀምጪው» አሉ አስማረ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዱላቸውን ሲቀበሏት ፊቷን አላዩም።

እንዲህ ያለ ነገር ከመታወቂያ ፎቶ አይወጣም። ዝናሽ ይህን ነገረቻቸው። እሑድ ሊደርስ ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ ያለው ፎቶ ይሄ ብቻ ነው፣ ይሄ ደግሞ ባለቤቱ የማታውቀው ነው። አስማረ «ይሄው ይበቃል» ሊሉ ሲሉ የትነበርሽ አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ዓመት ጥር የእህቷ ልጅ ፍሬ ስትዳር ከተማ የሚማር አንድ ዘመድ በስልኩ ሲያነሳ ውሎ ነበር። አስማረ ደውለው የልጁን ቁጥር አመጡ። ፎቶዎቹ ከሰዓት በኋላ በቴሌግራም ደረሱ፤ አርባ ሦስት ናቸው።

ዝናሽ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ አገኘችው። ሙሽሮቹ ከዳሱ ሲወጡ ተነስተዋል። በፎቶው ጠርዝ፣ ከሚጨፍሩት ጎረምሶች ኋላ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አግድሞ እጆቹን ያንጠለጠለ ሰው ከጎን ይታያል። ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሏል። የሚያየው ወደ ሙሽሮቹ አይደለም፤ ከፎቶው ውጪ ያለ ነገር ነው፤ ምናልባት ከብት። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ የሚባል እንኳ ያልሆነ ነገር አለ። ዝናሽ ከመታወቂያው ጋር አስተያየችው። ያው አፍንጫ፣ ያው ግንባር ነው። ሁለቱ ግን አንድ ሰው አይደሉም ማለት ይቻላል፤ ያኛው የታዘዘ ፊት ነው፣ ይኼኛው ማንም አላዘዘውም።

ሰውአገኝ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። «ዝኔ፣ በአንድ ሟች ሦስት ቀን?» አለ። «መታወቂያውን ስጪኝ። ስልኬ ላይ ያለው ነገር ባንድ ደቂቃ ፊቱን ወደፈለግሽበት ያዞረዋል።»

«ሰው ነው እኮ፣ የበር እጀታ አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ። አንዴ እዪው።»

ስልኩ በእርግጥም አዞረው። ምስጋናው ወደ ግራ ዞር ብሎ፣ ቆዳው እንደ እንቁላል ለስልሶ፣ ሠላሳ ሁለት ነጫጭ ጥርሶቹን አሳየ።

«ይሄ ማነው?» አለች ዝናሽ።

«ምስጋናው ነዋ። ትንሽ ደልቶት።»

«የጥርስ ሳሙና ይሽጥበት» ብላ ወደ ስክሪኗ ተመለሰች።

ዓርብ እስከ ቀትር ያንን የጎን ፊት ከሠርጉ መካከል ስታወጣ ቆየች። የአንዱ ጎረምሳ እጅ ደረቱን ከልሎት ስለነበር ጋቢውን ከሌላ ቦታ ቀድታ አለበሰችው። ዱላውን አላጠፋችውም። የቀኝ ትከሻውን፣ በልማድ እጇ ሊያነሳው ሲል፣ ተወችው። ከበስተ ኋላው የነበረውን ሕዝብ በደበዘዘ ግራጫ ተካችው። ሲታተም ገና እርጥቡን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችውና፣ ለብዙ ጊዜ ተሰምቷት የማያውቅ ነገር ተሰማት። ፎቶውን ከማስረከቧ በፊት ደንበኛዋ ምን እንደምትል አወቀች።

ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። የትነበርሽ ፎቶውን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ቀርባ፣ ዱላው ከተጫነበት በላይ ያለውን የማጅራቱን እጥፋት በጣቷ ጫፍ ነካችው።

«እሳቸው ናቸው» አለች። «አዎ። እሳቸው ናቸው።»

ዝናሽ በዚህ ጊዜ አስማረን አላየቻቸውም ነበር። ሰውየው ፎቶውን ከሩቅም ከቅርብም አዩት። አንዴ አቀኑት፣ አንዴ አዘመሙት።

«አንዱን ዓይኑን የት አደረግሽው?» አሉ።

«በዚያ በኩል ነው፣ አያ። ከጎን ስለተነሳ ነው።»

«እሱማ ይታያል፤ ከጎን ነው።» ፎቶውን ባንኮኒው ላይ መልሰው አስቀመጡት። «አንቺ የየት ልጅ ነሽ?»

«የቁስቋም።»

«የቁስቋም ልጅ ሆነሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ ጠፋሽ?»

ዝናሽ አልጠፋትም። ልጅ ሆና ቅዳሴው ሲረዝምባት ያንን ነበር የምትቆጥረው። ጻድቃኑ፣ ሰማዕታቱ፣ መላእክቱ ፊታቸውን ወደ ምእመናን መልሰው ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው ይቆማሉ። በጎን የሚሳሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው፣ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮችና ሰይጣን ናቸው። ይህን በዚህ አገር የማያውቅ ሕፃን የለም። እሷም ከትናንት ጀምሮ ይህን የጎን ፊት ስትሠራ አንዴም ትዝ አላላትም። ስለ ፊት አውቃለሁ የምትለው እሷ። ንዴቷ መጀመሪያ በራሷ ላይ ሆነ፤ ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረ።

«ያ ሥዕል ነው፣ አያ። ይሄ ፎቶ ነው።»

«ለእኔማ ነገርሽኝ፤ ገባኝ። ለሚመጣው ሕዝብ ሁሉ ድንኳኑ በር ላይ ቆመሽ ትነግሪልኛለሽ? ሦስት አጥቢያ ነው የሚመጣው። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ቀና ብለው ምን ሊያዩ ነው?»

«ሰው ከጎን ቢታይ ኃጥእ ይሆናል እንዴ?»

«አይሆንም። ስንኖር ሁላችንም ከጎን እንተያያለን» አሉ አስማረ። ድምፃቸው አልጠነከረም፤ የሚያውቀውን ነገር አልቀበልም ለሚል ሰው እንደሚያስረዱ ነበር። «ሙት ግን አይናገር፣ አይዞር። እንዳቆሙት ነው የሚቀረው። ወንድሜን ከይሁዳ ወገን አላቆመውም።»

ዝናሽ ወደ የትነበርሽ ዞረች። «አንቺ ተናገሪ እንጂ። ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እሳቸው ናቸው ያልሽው።»

«እሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ?»

«አያ አስማረ ያሉት ልክ ነው።»

«ለድንኳኑ ያኛው ይሁን በቃ። ይሄን ደግሞ ለቤት ውሰጂው። ለልጅሽ። አይመስልም ያልሽውን ምን ብለሽ ልታሳያት ነው?»

የትነበርሽ ፎቶውን በጣቶቿ ወደ ዝናሽ ገፋ አደረገችው። «ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ እሜቴ። የገባ ሁሉ ያየዋል። ልጄስ? ነገ አድጋ ቤተ ክርስቲያን ወስጃት ግድግዳውን ስታይ፣ አባቴ ከነማን ጋር ነው ብትለኝ ምን እመልስላታለሁ?»

ዝናሽ ያላት አንድ መልስ፣ ሥዕሉን የሳለው ሰው እንደሆነ፣ ልማዱም የሰው እንደሆነ መንገር ነበር። ይህን ለዚህች ሴት፣ ከአርባው ሁለት ቀን በፊት፣ ማን ይነግራታል? ከመሳቢያው የመጀመሪያውን ፎቶ፣ ባለ ኮቱን፣ አወጣችና ባንኮኒው ላይ ባለው የጎን ፎቶ ላይ አስቀመጠችው። ፍሬም ውስጥ ገብቶ ነበር።

«እንዲያ ከሆነ ልመጂው» አለች። ቃሏ ከፈለገችው በላይ ሻክሮ ወጣ። «ቀና በዪና ትክ ብለሽ እዪው። ፎቶ ነው፤ አይቆጣሽም። ዓይናቸው ይሄ ነው። እኔ አልጨመርኩበትም፤ የራሳቸው ነው።»

የትነበርሽ ቀና አለች። ምስጋናው ዓይኑን በልጥጦ አያት። እሷም አየችው። አምስት እስኪቆጠር ያህል አየችው፤ በአሥራ አራት ዓመት ካየችው ሁሉ ምናልባት ይረዝማል። ከዚያ ዓይኗ ወደ መሬት ወረደ። አንገቷ ተከትሎ ደፋ አለ፣ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ አመጣች፣ ትከሻዋ ጠበበ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቆመች። የሚያዛትን የምትጠብቅ ትመስል ነበር።

«ይኸው» አሉ አስማረ ደስ ብሏቸው። «አወቀችው።»

ዝናሽ ሁለቱንም አየቻቸው። ሰውየው ተሳስተዋል ማለት ፈለገች፤ ነገር ግን መሳሳታቸውን የምታስረዳበት ነገር አጣች። ሴትዮዋ ከዚያ የጎን ፎቶ ፊት እንዲህ አልሆነችም፤ እዚያ እጇን ዘርግታ ነበር። ከዚህኛው ፊት የቆመችው ግን ልክ ከባሏ ፊት እንደምትቆመው ነው።

«የትኛው ነው እሳቸው?» አለች በመጨረሻ። «ለራሴ ነው የምጠይቅሽ።»

የትነበርሽ መሬቱን እያየች፣ «ይሄኛው ይሁን» አለች።

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

«አውቃለሁ፣ እሜቴ። እግዜር ይስጥልን።»

ዝናሽ ፍሬሙን በጋዜጣ ጠቀለለችው፤ ማዕዘኖቹን በካርቶን ደገፈችና በሲባጎ አሰረችው። ሲባጎው ሁለት ጊዜ አምልጧት እንደገና ቋጠረችው። አስማረ መርቀዋት፣ አገሩ ቅርብ ቢሆን ኖሮ እሑድ ትመጪ ነበር ብለው፣ ጥቅሉን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ወጡ። የትነበርሽ ከኋላቸው ሁለት እርምጃ ቀርታ ተከተለቻቸው። በር ላይ ስትደርስ ወደ ባንኮኒው ዞራ አላየችም።

ሰውአገኝ ከውስጥ ወጥቶ የቀረውን ፎቶ አነሳው። «ይሄ ነው የሚሻለው» አለ። «ምነው ተዉት?»

«ዓይን ጎደለባቸው» አለች ዝናሽ። ከውጪ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚፈልጉ ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር።

ፍሬሙ እሑድ ድንኳኑ ላይ ይሰቀላል፤ ሰኞ ወደ ቤት ገብቶ ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ በምስማር ይመታል። ያልተወሰደ ፎቶ ፎቶ ቤቱ የሚያቆየው ሦስት ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ ተቆራርጦ ይጣላል።